የጥድፌ አገዳ

ጥድፌ ስሟ አልነበረም። ወላጆቿ ያወጡላት ስም የሚጠራው ከመንግሥት ወረቀት ላይ ሲነበብ ብቻ ነው፤ ያኔም ራሷ ወደ ኋላ ዞር ብላ «ማንን ነው የሚሉት?» ትላለች። ጥድፌ ያሏት ጎረቤቶቿ ናቸው፣ ደግሞም አላጠፉም። ሰው ገና አልጋው ላይ ሲገላበጥ እሷ ከብት አጠጥታ፣ ግቢ ጠርጋ፣ ማሳዋ ዳር ደርሳ ተመልሳ «ምነው፣ ዛሬ ሁሉም ታመመ እንዴ?» እያለች በየአጥሩ ትጣራለች። የምትበላው ቆማ ነው። ስታወራ የነገሩን መጨረሻ ውጣ ወደሚቀጥለው ትሻገራለች። ሐዘን ልትደርስ ሄዳ እንኳ ዓይኗ የሚንከራተተው ያልታጠበ ዕቃ ፍለጋ ነው። በሰርጓ ቀን ሙሽራው ሳይመጣ ለብሳ፣ አጊጣ፣ በር ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር ብለው ያሟታል፤ እሷም አትክድም። «ታዲያ ምን ላድርግ፣ ቆየ እኮ!» ትላለች።

ያ የቆየው ሙሽራ ጥሩ ባል ወጣው፤ ዕድሜ ብቻ አልታደለም። ሲሞት ለጥድፌ የተወላት ሁለት በሬዎችና ከወንዙ ማዶ ያለ አንድ ማሳ ነው። «እንግዲህ መሬቱን ለሰው መስጠቷ ነው» ሲባል እሷ ሞፈሩን ራሷ ጨበጠች። ሰው ሳቀባት። የመጀመሪያው ትልሟ ሰካራም የሄደበት ይመስል ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። እየዋለ እያደረ ግን እነዚያው የሳቁት ሰዎች ማሳዋ ዳር ቆም እያሉ አገጫቸውን ይዘው ማየት ጀመሩ። በሬዎቹም ድምፅዋን ለመዱት፤ ቀዩ ገና ከሩቅ ስትመጣ ሲሰማ ይነሳል፣ ጥቁሩ ደግሞ እየተነጫነጨም ቢሆን ይከተለዋል።

የባሏ ታላቅ ወንድም «ጋሼ ነገ» ይባላል። ይህን ቅጽል ስም ማን እንዳወጣችለት መናገር ያስፈልጋል? ጣራው ሲያፈስ «ነገ እጠግነዋለሁ» አለ። ለጥገናው ብሎ ግድግዳው ላይ ያስደገፈው መሰላል እዚያው እንደቆመ ወፍ ጎጆ ሠርታበት፣ ፈልፍላ፣ ጫጩቶቿን አብርራ ሄዳለች። ክፉ ሰው ግን አይደለም። ሆደ ሰፊ ነው፣ እግሩ ብቻ ይከብደዋል። ወንድሙ ከሞተ ጀምሮ ባገኛት ቁጥር «አንቺ፣ ይሄን መሬት ለእኔ ስጪኝና ልረስልሽ፤ ምርቱን እኩል እንካፈላለን፣ አንቺም ታርፊያለሽ» ይላታል።

«እርስዎ እስኪያርሱት መሬቱ ያረጃል!» ትለዋለች። እሱም ይስቅና ሌላ ቀን ደግሞ ይጠይቃታል።

እንዲህ እንዲህ ሲሉ ያ በረዶ መጣ።

ያን ዓመት መንደሩ ሁሉ ስንዴ ሲዘራ ጥድፌ ብቻዋን በቆሎ ዘርታ ነበር። ለምን ስትባል «ስንዴ ሲያድግ አይታየኝም፣ ያናድደኛል፤ በቆሎ ግን ትናንት ካየሁት ዛሬ ረዝሞ አገኘዋለሁ» አለች። ለዚህም ተሳቀባት። በቆሎው ከሰው ቁመት አልፎ፣ እሸቱ ፍሬ ሊቋጥር ጫፍ ላይ ደርሶ ሳለ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። የዶሮ እንቁላል የሚያህል በረዶ ነው የወረደው። ቆርቆሮው ላይ ሲንኳኳ እናት የልጇን ጩኸት አልሰማችም። ሲያባራ ስንዴው መሬት ላይ ተኝቷል፤ ወንዙ ሞልቶ የግጦሹን ሜዳ ጭቃ አልብሶታል፤ የጥድፌ በቆሎ ደግሞ ወገቡ ተሰብሮ፣ ቅጠሉ ተተልትሎ ተነጥፏል። ሰው ሁሉ እጁን አናቱ ላይ ጭኖ በየማሳው ዳር ቆመ። ጥድፌ ግን መሐሉ ገብታ ተቀመጠች። ቁጭ ብላ አይተዋት የማያውቁ ጎረቤቶቿን ከበረዶው ይልቅ ያ አስደነገጣቸው። አንዱን እሸት ሸልቅቃ አየችው። ድድ ብቻ ነው፣ ጥርስ አላወጣም። ያኔ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

አልቅሳ ወጣላት መሰለኝ፣ በማግሥቱ ጠዋት ማጭድ ይዛ ወረደች። ነገሩ ለእሷ ግልጽ ነው። መሬቱ ጠጥቶ ጠግቧል፤ እርጥበቱ ሳያልፍበት ሽንብራ ቢዘራበት ይደርሳል። ደግሞስ የተሰበረ ነገር ዓይኗ እያየ እንዴት ይደር? ጥድፌ ቤት እኮ የተሰነጠቀ ብርጭቆ አያድርም። ያን ሁሉ አገዳ እያጨደች ዳር ላይ ቆለለችው፤ ግን ለሁለት በሬ ምን ያደርግላታል? የጎረቤቶቿ ከብቶች ደግሞ ሜዳቸው በጭቃ ተሸፍኖባቸው በረት ውስጥ ይጮኻሉ።

«ኑ ውሰዱልኝ!» አለች በየአጥሩ እየዞረች። «ውሰዱልኝና መሬቴን ልረስበት! ምን ትጠብቃላችሁ፣ እግር ሰጥቼው ይምጣላችሁ?»

መጥተው ወሰዱ። በሸክም የወሰደ አለ፣ በአህያ የወሰደ አለ። ጋሼ ነገ ሁሉም ወስዶ ከሄደ በኋላ በቅሎ የምትስበውን ጋሪ ይዞ ከተፍ አለ። ቀሪውን ሁሉ ራሷ እየወረወረች ጫነችለት፤ እሱ አንድ አንድ እያለ ሲያነሳ ማየት ስላልቻለች። ከዚያ አረሰችው፣ ጉቶውን ሳይቀር ለቅማ አወጣችው፣ ለዘር ያስቀመጠችውን ሽንብራ አንድም ሳታስተርፍ በተነችው። ስትጨርስ ወገቧን ይዛ ቀና አለችና «እፎይ!» አለች።

ያን «እፎይ» ብላ ሳትጨርስ ነው የድምፅ ማጉያ የተሸከመች የመንግሥት መኪና በመንገዱ ብቅ ያለችው።

«በረዶ ሰብሉን ላጠፋበት ገበሬ ሁሉ መንግሥት የጉዳት ድጋፍ ይከፍላል!» ይላል ማጉያው። «ባለሙያ መጥቶ ማሳችሁን በዓይኑ ያያል! እስኪያይ ድረስ ማንም ሰው ማሳውን እንዳይነካ! ደግሜ እላለሁ፣ እንዳይነካ!»

ሰው ሁሉ አንድ ላይ ዞሮ የጥድፌን ማሳ አየ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ተለስልሶ፣ እንደ ተነጠፈ አልጋ አምሮ ተኝቷል። አንዱ ሳቁን መያዝ አቃተው፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ፣ እሷም አብራ ሳቀች። «በረዶ እኔን ብቻ ዘሎ ሌላውን መታ አይሉ መቼም» አለች።

ተሳስታለች። እንደዚያ ነው ያሉት።

ባለሙያው እስኪመጣ ሳምንታት አለፉ። ጎረቤቶቿ የወደቀውን ስንዴያቸውን እየጠበቁ ተቀመጡ። መቀመጥ የቻሉትም ከብቶቻቸው የጥድፌን አገዳ እየበሉ ስለነበር ነው፤ አለዚያማ ስንዴውን አጭደው ለከብት ይሰጡት ነበር። ይህን ያኔ ያሰበው ሰው የለም። ወዲያው ደግሞ አንድ ወሬ ተነዛ፤ ለመንደሩ የተመደበው ገንዘብ ቁርጥ ነው፣ አንድ ሰው በተጨመረ ቁጥር የሁሉም ድርሻ ይቀንሳል የሚል። ማን እንዳመጣው አይታወቅም። ወሬ መቼ አባት ኖሮት ያውቃል?

የጉዳት ገማቹ ጭቃ የጠገበ ቦቲ ያጠለቀ፣ ፊቱ የደከመው ወጣት ነው። ስልኩን አውጥቶ ማሳውን ሁሉ እየዞረ ፎቶ ያነሳል። ግማሹ መንደር ይከተለዋል። የጥድፌ ማሳ ዳር ሲደርስ ቆመ። ሽንብራው ጣት ቁመት በቅሎ፣ አረንጓዴ ሆኖ ያብረቀርቃል።

«እዚህ ደግሞ የተጎዳው ምንድን ነው?» አለ።

«በቆሎዬ ነዋ!»

«የቱ በቆሎ?»

«ያ አልቋል። አጭጄው፣ አርሼ፣ በላዩ ሽንብራ ዘራሁበት። ምን ላድርግ፣ የኔ ልጅ፣ ሬሳ ታቅፌ ልቀመጥ?»

ገማቹ ጭንቅላቱን አከከ። «እትዬ፣ አላመንኩዎትም አላልኩም። ግን ባለፈው ሌላ ቦታ አንዱን ማሳ አራት ሰው የኔ ነው ብሎ አስቆጥሮብን ጉድ ሆነናል። ያላየሁትን መጻፍ አልችልም። ይኸው ይዩት፣ ፎቶ ባነሳ የሚወጣው ይሄ ነው» ብሎ ስልኩን አሳያት። እውነትም በስልኩ ውስጥ በዚያ አገር እንደ እሷ ያማረ ማሳ ያለው ሰው አልነበረም።

ጥድፌ ወደ ኋላዋ ዞረች። «ንገሩት እንጂ! ከብቶቻችሁ ምን ሲበሉ ከረሙ?»

ዝም። አንዱ የጫማውን ጭቃ በእንጨት ይፍቃል። አጥር የምትጋራት ጎረቤቷ፣ በየቀኑ እሳት የሚለዋወጡት ሴትዮ፣ የራስ ሻሿን ፈታ መልሳ ታስራለች። ጋሼ ነገ ሰማዩን ያያል። በረዶው ካደረሰባት ሁሉ ይልቅ ያ ዝምታ አንጀቷን በላው። ገማቹ «ጉዳት የለም» ብሎ ጻፈና አንገቱን ደፍቶ አለፈ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽንብራው ቢደርስ ለቤት ይበቃል፣ ከዚያ አያልፍም። ለሚቀጥለው ክረምት ዘርና ማዳበሪያ ለመግዛት ድጋፉ ካልመጣ አንዱን በሬ መሸጥ አለባት። አንድ በሬ ያለው ሰው ደግሞ አያርስም። ያን ያህል የለፋችበት ሞፈር ጥግ ይቆማል፣ ማሳው በእኩል ወደ ጋሼ ነገ ይሄዳል፣ እሷም ዳር ቆማ «ነገ» ሲባል ትሰማለች። ሌሊት ሌሊት ሳይሆን ቀን በቀን፣ በሬዎቿን ባየች ቁጥር ይህን ታሰላለች። ቀዩን ልሽጥ ወይስ ጥቁሩን? እናት ከልጆቿ ትመርጣለች?

ከተማ ወጥታ የግብርና ጽሕፈት ቤቱን ደጅ ጠናች። በረኛው መጀመሪያ ቀን «ቀጠሮ አለሽ?» አላት፣ ሌላ ቀን «ደግሞ መጣሽ?» አላት፣ በመጨረሻ «ግቢ፣ አንቺን ከማየት ማስገባት ይሻላል» አላት። ኃላፊዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ የምታይ፣ ቁጥብ ሴት ነች። ጥድፌን አስቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። የሚገርመው ጥድፌ የነገሩን መጨረሻ አልዋጠችም፣ ሁሉንም ተናገረች።

«ቅሬታ ሰሚው አርብ ጠዋት ይቀመጣል» አለቻት ኃላፊዋ። «ከዚያ በኋላ ይዘጋል። በቆሎው በበረዶ መመታቱን የሚያሳይ በዓይን የሚታይ ነገር ይዘው ይምጡ። አገዳ ይሁን፣ እሸት ይሁን፣ ምንም ይሁን። እኔም ያለዚያ እጄ ታስሯል።»

አገዳ! ጥድፌ ወደ ቤቷ አልተራመደችም፣ ሮጠች። ማሳዋን ዞረችው፤ አንዲት ጉቶ የለችም። ንጽሕናዋን ረገመች። «ምናለ አንዲት ጥግ እንኳ ብተው! ምን ሆኜ ነው እንዲህ የምጠርገው፣ ሙሽራ ልቀበል ነው?» በየደጁ ሄዳ ጠየቀች። «አልቋል» ይላሉ። «ጠርገው በሉት።» ጎረቤቷም ዓይኗን ወደ ሌላ እያደረገች «አልቋል፣ እህቴ» አለቻት። ጥድፌ ወደሚቀጥለው ደጅ ሄደች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወደ ጋሼ ነገ ቤት ወረደች። አገዳ ልትጠይቅ አልነበረም፤ ሁሉም ከጨረሰ እሱ ከየት ያመጣል? ቁርጧን ልትነግረው ነው፣ «በቃ፣ መሬቱን ይረሱት» ልትለው። ያቺን ቃል እስኪወጣት መንገዱን ሁሉ ስትለማመዳት ነበር። የግቢውን በር ገፋ አድርጋ ስትገባ ግን ደንግጣ ቆመች።

ጋሪው ከነጭነቱ ቆሟል። ያን ቀን በእጇ የጫነችለት የበቆሎ አገዳ፣ እንደተጫነ፣ ደርቆ፣ ከነተተለተለ ቅጠሉ፣ ጥርስ አልባ እሸቱ ተንጠልጥሎበት። ላም ከአንዱ ጎን ስባ ስባ በልታለታለች፤ ከላዩ ደግሞ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ተኝታበታለች። ጋሼ ነገ ከዛፉ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ጋሼ... ይሄ ጋሪ...»

«አዎ» አለ አፍሮ። «አትሳቂብኝ። ነገ አራግፈዋለሁ።»

ጥድፌ ጋሪውን ዞራ አየችው። ከዚያ ነገረችው። ኃላፊዋ ያለችውን፣ አርብን፣ ሁሉንም። መደበቅ ደግሞ አታውቅበትም፤ «እውነቱን ልንገርዎት፣ ጋሼ» አለችው፣ «ይሄ አገዳ ነገ ጠዋት ከተማ ከደረሰ መሬቱን አያገኙትም። ካልደረሰ መሬቱ የእርስዎ ነው። አሁንም ልሰጥዎት ነበር የመጣሁት።»

ጋሼ ነገ ጋሪውን አየ። ወንድሙ ያረሰው ማሳ ወዳለበት ወደ ወንዙ ማዶም አየ። ጉልበቱን አሻሸና «እስቲ ነገ እናየዋለን» አለ።

አይ፣ ያን ጊዜ ከጥድፌ የወጣው ጩኸት! ዶሮዋ እንቁላሏን ትታ በረረች። «ምን ነገ አለና! ነገ ጠዋት ነው የሚቀመጡት! ዕድሜ ልክዎን ነገ ሲሉ ኖረው፣ አሁን እንኳ፣ ለአንድ ቀን እንኳ፣ ለወንድምዎ ነፍስ እንኳ ብለው ዛሬ ማለት አይችሉም?» ድምፅዋ ተሰበረ። ከጋሪው ላይ አንድ እቅፍ ለመንጠቅ እጇን ዘረጋች፤ ግን መለሰችው። የሰጠችውን ነገር መልሳ የምትቀማ ሴት አይደለችም። በሩን በኃይል ዘግታ ወጣች።

ቤቷ ገብታ በረት ውስጥ በሬዎቿ መሐል ቆመች። ቀዩን ግንባሩን ዳበሰችው፣ ጥቁሩን ደግሞ እንዳይቀየማት። «ከእናንተ አንዳችሁ» አለችና መጨረስ አቃታት።

ጠዋት ጎህ ሳይቀድ ተነስታ እንደገና ልትለምነው ወረደች። ለምና የማታውቅ ሴት፣ ለመለመን ቆርጣ። የጋሼ ነገ በር ገርበብ ብሏል። ጋሪው የለም! ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ የጎማ ፋናና ጥቂት የተራገፈ ቅጠል ብቻ ቀርቷል። በአጥሩ ዙሪያ ዞራ ፈለገችው። ደበቀው! ወይ ጉድ፣ ሰው ለመሬት ብሎ እንዲህ ይሆናል? ለሥራ ሲሆን የሚተኛ ሰው ለተንኮል ሲሆን ይነቃል ማለት ነው? እየረገመችው፣ ወዲያው ደግሞ እርግማኗን ፈርታ እየመለሰችው፣ ባዶ እጇን ወደ ከተማ ሮጠች። ምንም ባይኖራት ቆማ ትናገራለች። ከዚያ ወዲያ የፈለጉትን ያድርጉ።

ወደ ጽሕፈት ቤቱ ስትታጠፍ የበረኛውን ጩኸት ሰማች።

«ይሄ ቢሮ ነው በረት? መልሱት ብያለሁ! ኃላፊዋ መኪናዋን በየት ታስገባው?»

ጋሪው የጽሕፈት ቤቱን በር ዘግቶ ተገትሯል። በቅሎዋ የበረኛውን አበባ ትቀነጥባለች። ከአገዳው ክምር ላይ፣ ጀርባውን ደገፍ አድርጎ፣ ጋሼ ነገ ተቀምጦ ዳቦ ይበላል። ጥድፌን አየና ዳቦውን ጎርሶ ሳይጨርስ፣

«የት ቆየሽ አንቺ?» አላት።

እንግዲህ ጥድፌን ከተወለደች ጀምሮ የት ቆየሽ ያላት ሰው የለም። ትንፋሿ እስኪመለስ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አጥሩን ተደገፈች።

«ትናንት አንቺ ስትወጪ ነው የተነሳሁት» አለ ጋሼ ነገ ከክምሩ እየወረደ። «ጠዋት ብዬ ብተኛ ራሴን አውቀዋለሁ፤ ነገ እል ነበር። ስለዚህ አልተኛሁም። መንገዴን በየቤቱ እየገባሁ 'ከብታችሁ የማንን በልቶ ነው የከረመው?' አልኳቸው። እኔም አብሬ ሰማይ ሰማዩን ሳይ እንደነበር ነገርኳቸው። ይኸው፣ እየመጡ ነው።»

እውነትም እየመጡ ነበር። ከመንገዱ ማጠፊያ አንድ ባንድ ብቅ አሉ። አንዱ በአገዳ ያጠረውን የጥጃ ማሰሪያ ነቅሎ፣ አገዳውን በትከሻው ተሸክሟል። ሌላው የተረፈችውን አንድ እስር በአህያ ጭኗል። ከሁሉም ኋላ ጎረቤቷ የዶሮ ቤቷን ጣሪያ እንዳለ ገንጥላ፣ በራሷ ላይ ጭና፣ ከሥሩ ፊቷ በላብ ርሶ መጣች። ጣሪያው ከጥድፌ አገዳ ነበር የተሠራው።

«አልቋል ብዬሽ ነበር» አለቻት እያለቀሰች። «ዋሽቼ ነው። ዓይኔን አፈር ይብላው። ዶሮዎቼ ዛሬ ሜዳ አደሩ።»

«ለዶሮሽ እኔ እሠራልሻለሁ» አለች ጥድፌ፣ እሷም እያለቀሰች። «ያውም ያንን ጣሪያ መቼ በትክክል ሠራሽውና!»

ኃላፊዋና ገማቹ ጩኸቱን ሰምተው ወጡ። ቅሬታ ሰሚዎቹም ከአዳራሹ እየወጡ ደረጃው ላይ ቆሙ። ኃላፊዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ክምሩን ዞረችው። ገማቹ ደግሞ ተንበርክኮ አንዱን አገዳ አነሳ፣ በረዶ የቀደደውን ቅጠል በጣቱ ዳሰሰ፣ እሸቱን ሸልቅቆ ባዶውን አየ።

«በረዶ ነው» አለ። «ግን ይሄ ሁሉ የእሳቸው መሆኑ...»

«ከእሷ በቀር በቆሎ የዘራ አለ እንዴ!» አለች ጎረቤቷ ጣሪያዋን መሬት ላይ እየጣለች። «ሁላችንም ስንዴ ነው የዘራነው። ማሳችንን ራስህ አይተህ ጽፈህ የለም? የት አገኘነው ታዲያ? እሷን ስቀንባት ነበር፣ አገዳዋን ግን ወሰድን። ማሳችንን ሳንነካ አንተን የጠበቅንህ ከብቶቻችንን እሷ ስላበላችልን ነው! ድርሻችን ከቀነሰም ይቀንስ!»

«ይቀንስ!» አሉ ሌሎቹ። አንዳንዱ ጮክ ብሎ፣ አንዳንዱ ትንሽ እያቅማማ፣ ግን ሁሉም አሉ።

ኃላፊዋ ግራ ገባት። «የምን ድርሻ ነው የሚቀንሰው?»

«ለመንደሩ የተቆረጠው ገንዘብ ነዋ...»

«ማነው እንዲህ ያላችሁ? የሁሉም የሚሰላው በየማሳው ጉዳት ነው። እሳቸው ተጨመሩ ብሎ የእናንተ አይነካም።»

መንደርተኛው እርስ በርሱ ተያየ። ለካ ያ ሁሉ ዝምታ፣ ያ ሁሉ ጫማ መፋቅና ሻሽ መፍታት ለባዶ ነበር! መጀመሪያ አፈሩ፣ ከዚያ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ግቢው ሁሉ በሳቅ ተናወጠ። በረኛው ሳይቀር ሳቀ፤ ምን እንደሆነ ሳይገባው።

«አንድ ነገር ይቀራል» አለ ከቅሬታ ሰሚዎቹ አንዱ ሽማግሌ። «ሴትዮዋ እኮ ሽንብራ ዘርተዋል። ሰብል አላቸው።»

ጥድፌ ልትመልስ ወደ ፊት ወጣች። ኃላፊዋ ግን ፈጥና መለሰች። «በረዶው የወሰደው በቆሎአቸውን ነው፣ የምንከፍለውም ለእሱ ነው። ሽንብራው የራሳቸው ላብ ነው። ሰው ሳይቀመጥ በመሥራቱ እንቅጣው እንዴ?»

ሽማግሌው ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ገማቹ ስልኩን አወጣ። ክምሩን አነሳው፣ የዶሮ ቤቱን ጣሪያ አነሳው፣ በመጨረሻ «እትዬ፣ እርስዎም መሐል ይግቡ» አላት። ጥድፌ አንዲት ጥርስ አልባ እሸት በእጇ ይዛ መሐል ቆመች። ፎቶው ውስጥ ትንሽ ደብዝዛ ነው የወጣችው፤ መቆም አቅቷት ተንቀሳቅሳለች። «አሁን አየሁ» አለ ገማቹ፣ የደከመው ፊቱ በርቶ፤ ያንን «የለም» የሚለውን ቃል ሰረዘና «አለ» ብሎ ጻፈ። ጎረቤቷ እልልታዋን አቀለጠችው፤ መንገድ አላፊው ሰርግ መስሎት ቆሞ አየ።

ገንዘቡ ከክረምቱ በፊት ገባ። ሁለቱም በሬዎች በረታቸው ውስጥ ናቸው፣ ሞፈሩም በጥድፌ እጅ ነው፤ ከፈለጋችሁ ሄዳችሁ እዩ። ያ ግን በኋላ የመጣ ነው። ያን አርብ ዕለት አገዳውን ለፍየሎቹ ፈልጎ ለለመነው በረኛ አራገፉለት፣ ሁሉም ወደ ባዶው ጋሪ ወጡ፣ ጥድፌም ወጣች። በእግሯ ብትሄድ በግማሽ ጊዜ ትደርስ ነበር።

«መሬቱን አልሰጥዎትም» አለችው ጋሼ ነገን ከኋላው ተቀምጣ።

«አውቃለሁ» አለ። «ባይሆን ስታርሺ መጥቼ አያለሁ።»

«ይምጡ። እኔ ደግሞ ጣራዎን እጠግንልዎታለሁ። መሰላሉ እንደሆነ ቆሟል።»

በቅሎዋ እንደ ጌታዋ ናት፣ ቀስ ትላለች። ፀሐይዋ ሞቅ ብላለች፣ ከመንገዱ በታች የተኛውን ስንዴያቸውን ሰዎች እያጨዱ ነው። ጥድፌ ጀርባዋን የጋሪው ጠርዝ ላይ አስደግፋ እግሯን ዘረጋች። ጎረቤቷ አየቻትና ተጨነቀች።

«እህቴ፣ ደህና ነሽ? ሽንብራሽ አረም ውጦታል ስትዪ አልነበር? ጋሼ ፈጠን እንዲሉ ልንገራቸው?»

«ተያቸው» አለች ጥድፌ ዓይኗን ጨፍና። «ነገ አርመዋለሁ።»

ጋሼ ነገ በቅሎዋን አቁሞ ዞር ብሎ አያት።